ስትራቶስ 3ን የሰበረው ሽክርክሪት፦ የአንድ የተማሪዎች ሮኬት ጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2018፣ ገና ሳይነጋ፣ በደቡብ ስፔን ከሚገኘው የኤል አሬኖሲዮ ጣቢያ ስትራቶስ 3 የተባለ ሮኬት ተወነጨፈ። የሠሩት በኔዘርላንድስ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቁመቱ 8.2 ሜትር፣ የቱቦው ስፋት 28 ሴንቲ ሜትር፣ ሙሉ ክብደቱ 330 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድን ከጠጣር ነዳጅ ጋር የሚያቃጥለው ሃይብሪድ ሞተሩ እስከ 25 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። ሮኬቱ ከተነሣ ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ አየር ላይ ተበታተነ።

የዚሁ ቡድን ስትራቶስ 2 ፕላስ በኦክቶበር 2015 ከዚያው ጣቢያ ተነሥቶ 21.5 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ነበር። በኖቬምበር 2016 ደግሞ የሽቱትጋርት ተማሪዎች የሠሩት ሄሮስ 3 ከሰሜን ስዊድን 32.3 ኪሎ ሜትር ወጥቶ የአውሮፓ ተማሪዎችን ክብረ ወሰን ወሰደ። ስትራቶስ 3 የተሠራው ክብረ ወሰኑን ለማስመለስ ነው። ከቀዳሚው የረዘመና የፈጠነ ሮኬት ነበር፤ ጣጣውም የመጣው ከርዝመቱና ከፍጥነቱ ነው።

ሃይብሪድ ሮኬት ሲበታተን ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። የምርመራው መደምደሚያ ግን ሽክርክሪቱ ላይ አረፈ፦ ሮኬቱ በቁመቱ ዘንግ የሚሽከረከርበት ፍጥነት አፍንጫው ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዝበት ምት ጋር ተጣመረ። ይህ ጠባይ በአቪዬሽን ዘንድ የቆየ ነው። ከናሳ በፊት በነበረው ናካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ፊሊፕስ በ1948 በስሌት አሳይቶታል። በሴፕቴምበር 27 ቀን 1956 አሜሪካዊው የሙከራ አብራሪ ሜል አፕት የኤክስ-2 አውሮፕላንን ከድምፅ ፍጥነት ከ3 እጥፍ በላይ ካበረረ በኋላ፣ አውሮፕላኑ በዚሁ ጠባይ ከእጁ ወጥቶ ሕይወቱ አልፏል። የተማሪ ቡድኖች ዘንድ ጉዳዩ ዘግይቶ የደረሰበት ምክንያት ከታች ባለው ስሌት ይታያል።

ሁለቱ ፍጥነቶች ለምን ይገናኛሉ

የሮኬት አፍንጫ ከሚመጣው አየር አቅጣጫ ትንሽ ሲያፈነግጥ የጅራት ክንፎቹ ይመልሱታል፤ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። የዚህን የመመላለስ ፍጥነት የውዝዋዜ ምት እንበለው። ሁለተኛው ፍጥነት ሽክርክሪቱ ነው። በእጅ የተሠራ ሮኬት መቼም ፍጹም ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ቱቦው በትንሹ ይጎብጣል፣ ኖዝሉ (የሞተሩ የጋዝ መውጫ) ያዘነብላል፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሐል ይሸሻል። ይህ ጉድለት ከሮኬቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር አፍንጫውን በየዙሩ አንድ ጊዜ ይገፋዋል። ዙሩና ምቱ እኩል ሲሆኑ ነገሩ ዥዋዥዌን በየመልሱ እንደመግፋት ነው። በዚያ ላይ ረጅምና ቀጭን አካል በቁመቱ ሲሽከረከር ወደ ጎን ለመገልበጥ ስለሚያዘነብል፣ ሽክርክሪቱ በጨመረ ቁጥር ክንፎቹ አፍንጫውን የሚመልሱበት ጉልበት ይመናመናል። ሁለቱ ፍጥነቶች በተገናኙበት ቦታ ይህ ጉልበት ከሞላ ጎደል ያልቃል።

ቁጥሩን እንየው። ቁመቱንና የቱቦውን ስፋት ከስትራቶስ 3 ወስደን የቀረውን ለስሌት ብለን እንያዝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች የእኛ ስሌት ናቸው፣ ከበረራው መረጃ የተቀዱ አይደሉም። አራት ክንፎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከቱቦው ግድግዳ ተነሥቶ ከዘንጉ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የአየሩ ግፊት ተደምሮ የሚያርፍበት ነጥብ፣ የግፊት ማዕከሉ፣ ከክብደት ማዕከሉ በቱቦው ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም በ56 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ኋላ ነው። ክንፎቹ በአማካይ 0.1 ዲግሪ በአንድ አቅጣጫ ተዛብተዋል።

1 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሰከንድ 300 ሜትር፦ ሽክርክሪት 0.26 ዙር በሰከንድ፣ ውዝዋዜ 0.57።
10 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሰከንድ 900 ሜትር፦ ሽክርክሪት 0.78፣ ውዝዋዜ 0.97።
15 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሰከንድ 1,050 ሜትር፦ ሽክርክሪት 0.90፣ ውዝዋዜ 0.84።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል ተገናኝተው ተላልፈዋል። ይህም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ክንፉ ከተዛባ ሽክርክሪቱ ከሮኬቱ ፍጥነት ጋር እኩል ያድጋል። የውዝዋዜው ምት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር የአየሩን እፍጋት ስኩዌር ሩትም ይከተላል። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ፍጥነቱ ይጣፋና የሚቀረው እፍጋት ብቻ ነው። ሮኬቱ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከታች ሲነሣ ቀርፋፋ የነበረው ሽክርክሪት ከላይ ውዝዋዜውን መድረሱ አይቀርም። 3 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚወጣ ሮኬት ላይ የአየሩ እፍጋት የሚቀንሰው በሩብ ገደማ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙም አይጠብም። በዝቅተኛ በረራ አሥር ጊዜ የተሳካለት የክንፍ አሠራር ወደ 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ሲሻገር የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን 0.1 ዲግሪ ምን ያህል እንደሆነ በመለኪያ እንየው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክንፍ ላይ በፊት ጠርዙና በኋላ ጠርዙ መካከል የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። በኤፖክሲ ከተለጠፈ ክንፍ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም፤ ሙጫው ሲደርቅ የሚስበው እንኳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ሲገናኙ የሚደርሰው ጉዳት ይህን ይመስላል። ቀጭን ሮኬት ውዝዋዜውን የሚያበርድበት አቅም ደካማ ነው፤ የማብረጃ ምጣኔውን 0.03 ብንይዝ ቋሚው ማፈንገጥ ወደ 17 እጥፍ ይባዛል። ያለ ሽክርክሪት 0.2 ዲግሪ ብቻ የሚያፈነግጥ ሮኬት 3.3 ዲግሪ ይደርሳል። መገናኛው 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሆነ የአየሩ የጎን ግፊት 4.8 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ክብደት 8 ሜትር ቱቦን ወደ ጎን ሲያጥፍ ማለት ነው። ቱቦው በታጠፈ ቁጥር ጉድለቱ ራሱ ያድጋል። በተጨማሪም የክብደት ማዕከሉ ከመሐል 3 ሚሊ ሜትር ቢሸሽ ያ የጎን ግፊት 14 ኒውተን ሜትር የሽክርክሪት ጉልበት ይሰጣል፤ ይህ ጉልበት ሽክርክሪቱን ከውዝዋዜው ጋር አጣብቆ ሊያቆየው ይችላል። ያን ጊዜ ሮኬቱ መገናኛውን በፍጥነት አልፎ የማምለጥ ዕድሉን ያጣል።

ማሽከርከር ወይስ ማቆም

ባለሙያዎቹ የሳውንዲንግ ሮኬት (የምርምር መሣሪያ ወደ ላይ አውጥቶ የሚመለስ ሮኬት) ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ሮኬቱን ሆን ብለው በፍጥነት ያሽከረክሩታል። የአውሮፓ ተማሪዎችን ሙከራዎች የሚያወጣው የሬክሰስ ፕሮግራም የተጠቀመበት ኢምፕሩቭድ ኦሪዮን ሮኬት በሰከንድ 4 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ መገናኛውን ገና ከታች፣ ከፍጥነቱ የሚመጣው የአየር ግፊት ዝቅተኛ ሳለ፣ ጥሶ ያልፋል። ከዚያ ከላይ ሽክርክሪቱን የሚያቆም በሽቦ የታሰረ ክብደት ይለቀቃል። ዘዴው ቀላልና የተፈተነ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ ክንፎቹ ሆን ተብለው መዛባት አለባቸው፣ ማቆሚያው ካልሠራ የፓራሹቱ ገመድ ይጠማዘዛል፣ የሳተላይት አቅጣጫ ተቀባዩ ምልክት ያጣል።

ሌላው መንገድ ሽክርክሪቱን በተንቀሳቃሽ ክንፍ ወደ ዜሮ ማስጠጋት ነው። በተማሪ ቡድኖች ዘንድ እጅግ ተወዳጁ ንቁ የበረራ መቆጣጠሪያ ይህ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ሮኬቱን ወደየትም አይመራም፣ ለሜዳው የደህንነት ኃላፊ ለማስረዳትም ይቀላል። በአሜሪካው የኮሌጆች ሮኬት ውድድር ደንብም ንቁ ቁጥጥር የሚፈቀደው ለመረጋጋት ወይም ለአየር ፍሬን ብቻ ነው፤ ወደ ተመረጠ ዒላማ መምራት በምንም መልኩ አይፈቀድም። ሮኬቱ ያለ መቆጣጠሪያውም ራሱን ችሎ የተረጋጋ መሆን አለበት።

ሥራው ከጉልበት ስሌት ይጀምራል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ 0.1 ዲግሪ የተዛቡት አራት ክንፎች 45 ኒውተን ሜትር ያሽከረክራሉ። ከአፍንጫው በታች ካናርድ የሚባሉ አራት ትንንሽ ክንፎች እንግጠም፤ እያንዳንዱ 8 ሴንቲ ሜትር የተዘረጋ፣ 6 ሴንቲ ሜትር የሰፋ፣ መሐሉ ከዘንጉ 18 ሴንቲ ሜትር የራቀ። እነዚህ በእያንዳንዱ ዲግሪ 14 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ስለዚህ ለ45ቱ 3.2 ዲግሪ ይበቃል፤ ወሰኑን 8 ዲግሪ ብናደርግ 114 ኒውተን ሜትር እናገኛለን፣ ይህም እስከ 0.25 ዲግሪ መዛባትን ይሸከማል።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚስተው አንድ ወጥመድ አለ። ክንፎቹ 0.15 ዲግሪ ከተዛቡ ሮኬቱ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መቆጣጠሪያ በሰከንድ 1.17 ዙር ይሽከረከራል፤ መገናኛውን ከታች አልፎ ወጥቷል። ጉልበቱ ያነሰ መቆጣጠሪያ ይህን ወደ ዜሮ ማውረድ አቅቶት 0.97 ላይ ካቆመው፣ ልክ ውዝዋዜው ላይ አስቀመጠው ማለት ነው። ለዚህ ጥፋት 12 ኒውተን ሜትር፣ የአንድ ዲግሪ እንኳ ያልሞላ የካናርድ መታጠፍ ይበቃል። ደካማ መቆጣጠሪያ ከነጭራሹ ከሌለው ይከፋል። ስለዚህ ክንፉ ምን ያህል እንደተዛባ ሳይለካ ካናርዱን ስለሚያጥፈው ሞተር፣ ስለ ሰርቮ፣ መነጋገር ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

አለካኩ አስቸጋሪ አይደለም። ቱቦው በሁለት የቪ ቅርጽ ድጋፎች ላይ ይተኛል፤ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ጠርዝ በቱቦው ትይዩ ይጎተታል፤ ልዩነቱ ከምልክቱ ጋር ይመዘገባል። ምልክቱ ዋና ነገር ነው። አራቱም በአንድ የመዞሪያ አቅጣጫ ከተዛቡ ድምሩ ሽክርክሪት ይሆናል። ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ክንፎች ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ግን ሽክርክሪቱ ይጣፋና አፍንጫውን የሚያፈነግጥ ጉልበት ይቀራል፤ በመገናኛው 17 እጥፍ የሚባዛው ደግሞ እሱ ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ክንፍ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መዛባቱ ከ0.04 ዲግሪ አይበልጥም፤ ያን ጊዜ ለካናርዱ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ካናርዱ የሚያመጣቸው ጣጣዎች

የመጀመሪያው የሚመጣው ከጅራቱ ነው። የታጠፈ ካናርድ ከኋላው የሚሽከረከር አየር ይተዋል፤ ያ አየር በቱቦው አጠገብ ተጉዞ የጅራት ክንፎቹን በተቃራኒው አቅጣጫ ያሽከረክራቸዋል። የጅራት ክንፎቹ ከካናርዱ እጅግ ስለሚበልጡ ከላይ ካሰላነው 14 ኒውተን ሜትር ብዙውን ሊበሉት፣ ከዚያም አልፈው አቅጣጫውን ሊገለብጡት ይችላሉ። መቆጣጠሪያው ቀኝ እያለ ሮኬቱ ወደ ግራ ሲሽከረከር መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው። የተሻለው መፍትሔ ተንቀሳቃሹን ክፍል ከአፍንጫው አንሥቶ ራሱ የጅራት ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ማድረግ ነው፤ ችግሩ እዚያ ሞተሩ ቦታ አይሰጥም፣ ሙቀትም አለ። ካናርዱ ከፊት የግድ ከሆነ የተዘረጋበት ርዝመት ከጅራቱ ጋር ተመዛዝኖ፣ ውጤቱ በነፋስ ዋሻ ወይም በሲኤፍዲ (የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር በማስላት) ከሮኬቱ ሙሉ አካል ጋር መታየት አለበት። ካናርዱን ብቻውን ፈትኖ የተገኘ ቁጥር አያስተማምንም።

ሁለተኛ፣ ከፊት የተጨመረ ክንፍ የግፊት ማዕከሉን ወደ ፊት ይጎትታል። በእኛ ስሌት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመረጋጊያ ርቀቱ ከ2 የቱቦ ስፋት ወደ 1.6 ገደማ ይወርዳል፣ የውዝዋዜው ምትም አብሮ ይወርዳል፤ መገናኛው ሮኬቱ ከፍ ሳይል ቀድሞ ይመጣል። በመረጋጋት ስሌት ውስጥ ካናርዱን የረሳ ቡድን ሌላውን ሮኬት ነው ያሰላው።

ሦስተኛው የማጠፊያው ዘንግ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የካናርዱ የግፊት ማዕከል ከፊት ጠርዙ በሩብ ላይ ነው፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ወደ መሐል፣ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ዘንጉ መሐል አካባቢ፣ 24 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆን ለሰርቮው ይቀላል፤ በ8 ዲግሪ እያንዳንዱ ካናርድ 159 ኒውተን ቢሸከምም የሚፈለገው ጉልበት 10 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ኃይል ቢቋረጥና ሰርቮው ቢላላ፣ ከድምፅ በታች ባለው በረራ ግፊቱ ከዘንጉ ፊት ስለሚያርፍ ካናርዱ ራሱን ወደ ጎን ይወረውራል። ዘንጉን 12 ሚሊ ሜትር ላይ ስናደርገው በሁሉም ፍጥነት ግፊቱ ከኋላ ሆኖ የላላው ካናርድ ወደ መሐል ይመለሳል፤ ለዚህ የምንከፍለው 29 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ 40 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር የሚል የብረት ጥርስ ሰርቮ ገበያ ላይ አለ፣ በአየር ላይ የተገለበጠ ካናርድን ግን የሚያቃና የለም።

አራት እንዲህ ያሉ ሰርቮዎች ሲጨናነቁ እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 5 አምፔር ይስባሉ። ባትሪው ከበረራ ኮምፒውተሩ ጋር አንድ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣም መሬት ላይ ያለ ይመስለዋል። ለሰርቮ የተለየ ሊቲየም ባትሪ፣ የጋራ ግራውንድ፣ ከዚያም ለፓራሹት የሚሆን ከሁለቱም ነፃ የሆነ የከፍታ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ ከሚገመተው ያነሰ ነው። የመሽከርከር ፍጥነትን ከሚለካው ጋይሮ የሽክርክሪቱ ፍጥነት ይነበባል፣ በአንድ ማባዣ ተባዝቶ ካናርዱን በተቃራኒ ያጥፋል፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደገማል። ማባዣው ግን ቋሚ ሊሆን አይችልም፤ ከፍጥነቱ የሚመጣው የአየር ግፊት ከላይ ባለው ስሌት ከመጀመሪያው መስመር ወደ ሁለተኛው ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚያድግ ከታች የሚበቃው ማባዣ ከላይ ሮኬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ማባዣው ለዚህ ግፊት ይካፈላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት ከባሮሜትር መወሰድ የለበትም፤ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ የግፊቱ ሞገድ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲያልፍ ንባቡ ይዘላል። ከፍጥነት ለውጥ መለኪያው (አክሰለሮሜትሩ) ተደምሮ የሚገኘው ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ትንሽ የሚመስል ግን በረራ የሚያበላሽ ነገር የጋይሮው ወሰን ነው። በተማሪ ቦርዶች ላይ የሚዘወተረው ኤምፒዩ-6050 ሲበራ በነባሪው በሰከንድ 250 ዲግሪ ላይ ነው የሚቆመው፤ ይህም 0.69 ዙር ነው። ሮኬቱ 0.97 ዙር ሲሽከረከር ጋይሮው 0.69 እያለ ይቀጥላል። ወደ 2,000 ዲግሪ የሚቀይረው አንድ መስመር ኮድ ነው። እንዲሁም የማጠፊያው ልቅነት፦ ግማሽ ዲግሪ የሚወዛወዝ ካናርድ 7 ኒውተን ሜትር የማይታዘዝ ጉልበት ስለሆነ መቆጣጠሪያው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሰርቮውን ያሞቀዋል።

መቼ ይሥራ፣ መቼ ይተው

የውድድሩ ደንብ መቆጣጠሪያው ሞተሩ ተቃጥሎ እስኪያበቃ፣ ወይም ከፍተኛው የአየር ግፊት እስኪያልፍ፣ ወይም ሮኬቱ 20,000 ጫማ፣ ማለትም 6,096 ሜትር፣ እስኪደርስ በገለልተኛ ቦታ እንዲቆም ያዛል። ከዚያም በኋላ ዋናው ኃይል ከተቋረጠ ወይም ሮኬቱ ከተነሣበት አቅጣጫ ከ30 ዲግሪ በላይ ካፈነገጠ ወደ ገለልተኛው ይመለሳል። ለስትራቶስ 3 ዓይነት ሮኬት ይህ ደንብ አይጎዳም፦ 0.1 ዲግሪ የተዛባ ክንፍ መገናኛውን የሚያገኘው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 0.15 ከሆነ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከ0.2 በላይ ከሆነ ግን መገናኛው ከ6,096 ሜትር በታች ይወርድና ካናርዱ ገና ታስሮ ሳለ ያልፋል፤ ያን ሮኬት የሚያድነው ዳያል ጌጁ ብቻ ነው።

በመሬት ላይ የሚደረገው ፈተና ከምልክት ስህተት ይጀምራል፤ ከሁሉም የሚዘወተረው ስህተት ይኼ ነውና። ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ በገመድ ከአፍንጫው ይንጠለጠላል፤ አንድ ሰው በእጁ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ያዞረዋል፤ ሌላው ካናርዶቹ በየትኛው ጎን እንደታጠፉ በወረቀት ላይ ከተሣለው ሥዕል ጋር ያመሳክራል። ሥዕሉን የሣለው ሰው ኮዱን የጻፈው ባይሆን ይመረጣል። ይህ ፈተና ጋይሮው ተገልብጦ ከተገጠመ፣ የሰርቮ ሽቦ ከተቀያየረ፣ ኮዱ ላይ መቀነስ ከተረሳ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጋልጣል፤ ሰርቮ ተነቅሎ በተመለሰ ቁጥርም ይደገማል። ቀጥሎ በካናርዱ ላይ የ16 ኪሎ ግራም ክብደት ተንጠልጥሎ ሰርቮው ይዞ መቆየቱ ይታያል። በመጨረሻ የሰርቮው ባትሪ በእንቅስቃሴ መሐል ይነቀላል፤ የበረራ ኮምፒውተሩ መመዝገቡን መቀጠል አለበት።

ከበረራው በኋላ መጀመሪያ የሚከፈተው የካናርዱ አማካይ ማዕዘን ነው። የሽክርክሪቱ ፍጥነት ወደ ዜሮ ተጠግቶ ሳለ ካናርዶቹ በአማካይ 2 ዲግሪ ላይ ቆመው ከበረሩ፣ ካናርዱ ወደ ጅራቱ የሚልከውን አየር ሳይቆጥሩ፣ ክንፎቹ በአማካይ 0.06 ዲግሪ ተዛብተዋል ማለት ነው። ከመነሣቱ በፊት ዳያል ጌጁ ከመዘገበው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልገጠሙ ወይ ክንፉ በሙቀትና በግፊት ተጣሟል፣ ወይ ጅራቱ ከካናርዱ ጉልበት ስንት እጅ እንደበላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ታውቋል።